በፒያሳ አቅራቢያ ያለ አንድ ጠጋኝ ቤት፦ ለአኩስቲክ ጊታር የማንገቻ ፒን የማስገጠም አገልግሎት ሲመዘን

በአዲስ አበባ የሙዚቃ መሣሪያ መደብሮች ከሚሸጡት አኩስቲክ ጊታሮች ብዙዎቹ ለማንገቻ የሚሆን አንድ ፒን ብቻ ይዘው ይመጣሉ፤ እርሱም በሳጥኑ ግርጌ፣ ሁለቱ የጎን እንጨቶች በሚገናኙበት መስመር ላይ የተተከለው ነው። ሁለተኛው ፒን ሊኖር የሚገባው አንገቱ ከሳጥኑ ጋር በሚጋጠምበት፣ ተረከዝ በሚባለው ወፍራም ክፍል ላይ ቢሆንም፣ ብዙ አምራቾች ይህን ቦታ ባዶውን ትተው ይልኩታል። ነገሩ ወጪ ከመቆጠብ ብቻ የመጣ አይደለም። አኩስቲክ ጊታር ለረጅም ዘመን ተቀምጠው የሚጫወቱት መሣሪያ ሆኖ በመኖሩ፣ ማንገት የፈለገ ሰው የማንገቻውን አንድ ጫፍ በገመድ ከጊታሩ ራስ ሥር እንዲያስር ይጠበቅበት ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1833 የተመሠረተው የአሜሪካው ማርቲንም ብዙዎቹን ጊታሮቹን ሲሠራ የኖረው በዚሁ ልማድ ነው። ናይለን ክር ያለው ክላሲካል ጊታር ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ከነጭራሹ ፒን አይገጠምለትም።

በከተማችን ግን ጊታር ቆሞ የሚጫወተው ሰው ብዙ ነው። በየቤተ ክርስቲያኑ መዝሙር የሚያጅቡ ወጣቶች፣ ምሽት ላይ በሆቴል አዳራሾች የሚያዜሙ ድምፃውያን፣ በሠርግና በምርቃት የሚሠሩ ትንንሽ ባንዶች በሙሉ ቆመው ይጫወታሉ፤ ከእነርሱም ብዙዎቹ የማንገቻውን ጫፍ በጫማ ማሰሪያ ከጊታሩ ራስ ጋር አስረው ዓመታትን ያሳልፋሉ። ይህ አስተሳሰር ጊታሩን አይጎዳም፤ ምንም ነገር መብሳት ስለማይጠይቅም የሚመርጡት አሉ። ችግሩ ያለው በአያያዙ ላይ ነው። ማንገቻው ከትከሻ ተነሥቶ እስከ ጊታሩ ራስ ድረስ ስለሚዘረጋ፣ የግራ እጅ በመጀመሪያዎቹ ፍሬቶች (በአንገቱ ላይ በተርታ በተተከሉት ቀጫጭን ብረቶች) ላይ ሲሠራ ከማንገቻው ጋር ይጋፋል፤ የጊታሩ ክብደት በሁለቱ ዳርቻዎች ስለሚያዝም ሳጥኑ ከደረት ጋር ጸንቶ አይቀመጥም፣ ተጫዋቹ በተንቀሳቀሰ ቁጥር አንገቱ ወደ ውጭ ይወጣል። ክራር በዚህ ረገድ ዕድለኛ ነው፤ ማንገቻ የሚታሰርባቸው ሁለት ቋሚዎች ከመጀመሪያው ስላሉት ማንም ትራፓኖ ይዞ አይቀርበውም።

ይህ ግምገማ የሚመለከተው ሁለተኛውን ፒን ያስገጠምሁበትን፣ ከራስ መኮንን ድልድይ ወደ ፒያሳ ሲወጡ ከዋናው መንገድ ገባ ብሎ የሚገኘውን አነስተኛ የጥገና ቤት ነው። ቤቱ የስም ሰሌዳ የለውም፤ ደንበኞቹም «ጋሼ ጋ» ከማለት ያለፈ ስም አላወጡለትም። በ2016 ዓ.ም. በፒያሳ በተጀመረው የኮሪደር ልማት ምክንያት የአካባቢው ሱቆችና የእጅ ሥራ ቤቶች ብዙዎቹ ፈርሰው ወይም ወደ ሌላ ሰፈር ተዛውረው ስለነበር፣ አሁን በመሀል ከተማ እንዲህ ያለ ጠጋኝ ማግኘት እንደ ቀድሞው ቀላል አይደለም። በቤቱ ውስጥ አንድ የአናጢ ጠረጴዛ፣ በግድግዳው ላይ የተሰቀሉ አንገታቸው የተነቀለ ጊታሮች፣ ጥቂት ክራሮችና ቆዳው እስኪለወጥለት የሚጠብቅ ከበሮ ይታያሉ። ከያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት ተማሪዎች ጀምሮ በሙያው እስከሚተዳደሩ ሙዚቀኞች ድረስ ይመጡበታል።

ሥራው ላይ ላዩን ሲታይ አንድ ቀዳዳ መብሳትና አንድ ብሎን ማጥበቅ ነው። ለዚህ ብቻ ገንዘብ መክፈል የማያስፈልግ የሚመስላቸው ሰዎች ቢኖሩ አልፈርድባቸውም፤ ነገር ግን የሚከፈለው ለመብሳቱ ሳይሆን የት እንደሚበሳ ለመወሰን ነው፤ ይህንን ቤት የምመክርበት ምክንያትም ውሳኔው በጥንቃቄ የሚሰጥበት መሆኑ ነው። ጠጋኙ ጊታሩን ተቀብለው በጠረጴዛው ላይ ከማጋደማቸው በፊት ቆሜ እንድይዘው አደረጉኝ። «ልጄ፣ ስትጫወት አንገቱን ሽቅብ ታደርገዋለህ ወይስ አግድም ነው የምትይዘው?» ብለው ጠየቁ። ከዚያም ማንገቻውን በተረከዙ ዙሪያ በቀጭን ገመድ ለጊዜው አስረው፣ ሁለቱን እጆቼን እንድለቅ ነገሩኝና ጊታሩ ወደ የትኛው ወገን እንደሚያጋድል ከጎንም ከፊትም ተመለከቱ። ገመዱን ወደ ታችኛው ክሮች ወገን፣ ከዚያም ወደ ጀርባው ወገን እያዛወሩ ደጋግመው ፈተኑት። ይህ ሙከራ ምንም ወጪ የሌለውና ማንም በቤቱ ሊያደርገው የሚችል ቢሆንም፣ ፒን አስገጥመው ከተጸጸቱ ሰዎች መካከል አስቀድሞ የሞከረ አላጋጠመኝም።

ቀጥሎ ክሮቹን አላልተው፣ የጥርስ ሐኪሞች የሚይዙትን ዓይነት ትንሽ መስታወት በድምፅ ቀዳዳው አስገብተው የአንገቱን መጋጠሚያ ከውስጥ በኩል በስልካቸው መብራት መረመሩ። «ከውስጥ ብሎን አለው የለውም፣ ያንን ሳላይ አልበሳም» አሉ። የጊታር አንገት ከሳጥኑ ጋር የሚጋጠመው ወይ እንደ ሽብልቅ ተቆርጦ በኮላ በመጣበቅ፣ ወይም በሳጥኑ ውስጥ ካለው ወፍራም ብሎክ ተነሥተው ወደ ተረከዙ በሚገቡ ብሎኖች በመታሰር ነው፤ ሁለቱን ያጣመሩም አሉ። መጋጠሚያው በብሎን ከታሰረ፣ በተረከዙ ውስጥ ብረት አለ ማለት ነው፤ 25 ሚሊ ሜትር ያህል ርዝመት ያለው የፒን ብሎን ወደዚያ ብረት አቅጣጫ ቢገባ የትራፓኖው መብሻ ፑንታ ይሰበራል፣ ከዚያም አልፎ መጋጠሚያው ሊበላሽ ይችላል። የእኔ ጊታር አንገቱ ናቶ ከሚባለው፣ ማሆጋኒን ከሚመስል እንጨት የተሠራ መካከለኛ ዋጋ ያለው ያማሃ ሲሆን፣ ከውስጥ ብሎን አልታየበትም።

ፒኑ ሊገባባቸው የሚችሉ ቦታዎች ሦስት ናቸው፤ ሦስቱም በየአምራቹና በየጠጋኙ ሲሠራባቸው ይታያል። አንደኛው የተረከዙ ጎን ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ ቀጫጭኖቹ ክሮች ባሉበት ወገን። ፒኑ በዚህ ሲሆን ማንገቻው ከጊታሩ ሥር ዞሮ ስለሚወጣ ሳጥኑን ወደ ደረት ያስጠጋዋል፣ ጊታሩም እጅ ሲለቀው በቦታው ይቆያል። ሁለተኛው የተረከዙ ጀርባ፣ ማለትም በቀጭን እንጨት ወይም ፕላስቲክ ክዳን የተሸፈነው ክፍል ነው። እዚህ ላይ የሚተከል ፒን ማንገቻውን በቀጥታ ከጊታሩ በስተኋላ ስለሚያደርገው የፊቱ ክብደት ሚዛኑን አንሥቶ ጊታሩን ወደ ፊት ያጋድለዋል፤ ተጫዋቹ ክሮቹን ቁልቁል ከማየት ይልቅ ጊታሩ ወለሉን ሲመለከት ያገኘዋል። ሦስተኛው ቦታ የሳጥኑ ትከሻ፣ ማለትም በአንገቱ አጠገብ ያለው የጎን እንጨት ነው፤ ጀማሪ ጠጋኞችና አናጢዎች የሚወዱት፣ እኔ ግን ከሁሉም የማልመክረው እርሱን ነው። የአኩስቲክ ጊታር የጎን እንጨት ውፍረት ከሁለት ሚሊ ሜትር እምብዛም አያልፍም። ከጀርባው ወፍራም ብሎክ የሚገኘው በአንገቱ ግራና ቀኝ በጥቂት ሴንቲ ሜትር ስፋት ብቻ ስለሆነ፣ ከዚያ ክልል የወጣ ብሎን የሚይዘው ወረቀት ከመሰለው እንጨት በቀር ምንም የለውም። ጠጋኙ በዚህ መንገድ የተበሳ የደንበኛ ጊታር አሳይተውኝ ነበር፤ ብሎኑ ከነቀዳዳው ወጥቶ፣ ስንጥቁ የእንጨቱን ክር ተከትሎ እስከ ወገቡ ወርዷል። ሁለት ኪሎ ግራም ያህል የሚመዝነውን ጊታር ያ ቦታ ለጥቂት ጊዜ ሊሸከም ይችል ይሆናል፤ ተጫዋቹ በመድረክ ላይ አንድ ጊዜ ዘወር ሲል የሚያርፍበትን ግፊት ግን አይችልም።

በእኔ ጊታር ላይ የተመረጠው የተረከዙ ጎን ነው። ቦታው በእርሳስ ምልክት ከመደረጉ በፊት በተረከዙ ላይ የወረቀት ፕላስተር ተለጠፈ፤ ይህ ምልክቱ በግልጽ እንዲታይና ቀለሙ እንዳይሰነጠቅ ይረዳል። ፒኑ ወደ ሳጥኑ እጅግ ከተጠጋ ማንገቻው ከጎን እንጨቱ ጋር እየተፋተገ ቫርኒሹን ይበላዋል፤ ወደ አንገቱ ከራቀ ደግሞ ወደ ከፍተኛዎቹ ፍሬቶች የሚወጣውን የግራ እጅ ያደናቅፋል፣ ተረከዙም ወደዚያ ሲሄድ እየቀጠነ ነው። ከዚህ የተነሣ በመካከል የሚቀረው ቦታ ከአውራ ጣት ጥፍር ብዙም አይሰፋም። ምልክቱ ላይ በወስፌ ጉድጓድ ከተደረገ በኋላ መጀመሪያ በቀጭን ፑንታ፣ ቀጥሎ በ2.5 ሚሊ ሜትር ፑንታ ተበሳ። ብሎኑ 3.5 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ሲሆን፣ ቀዳዳው ከእርሱ የሚያንሰው ጥርሶቹ እንጨቱን ነክሰው እንዲይዙ ነው፤ እንደ ሜፕል ላለው ጠንካራ እንጨት እስከ 2.8 ሚሊ ሜትር ከፍ ማድረግ ያስፈልጋል፤ ቀዳዳው ከጠበበ ተረከዙ ይሰነጠቃል ወይም የብሎኑ ራስ ይቆረጣል። ትራፓኖውን መጀመሪያ ላይ ወደ ኋላ ማለትም በተገላቢጦሽ አዙረው ቫርኒሹን እንደ መፋቅ አደረጉት፤ ፑንታው ቀጥታ ከገባ የቫርኒሹን ጠርዝ ቆንጥሮ ያነሣዋልና። የጥልቀቱ መጠን በፑንታው ላይ በተጠቀለለ ፕላስተር ተለይቶ ስለነበር ከሚገባው በላይ አልገባም።

ብሎኑን ከማስገባታቸው በፊት ጥርሶቹን በጧፍ ላይ አሹት። ሰሙ ብሎኑን በእንጨቱ ውስጥ ያለ ኃይል ስለሚያንሸራትተው፣ ከሳሙና ይልቅ ጧፍ የተሻለ ነው፤ ሳሙና እርጥበት ይስባል፣ ብረቱንም በጊዜ ብዛት ያዝገዋል። ብሎኑ በትራፓኖ ሳይሆን በካቻቪቴ፣ በእጅ ነው የገባው፤ መጨረሻው ላይም ፒኑ መዞር እንዳቆመ አቆሙ። ከዚህ በኋላ ተጨማሪ ማጥበቅ እንጨቱን ከውስጥ ፈጭቶ ቀዳዳውን ያላላዋል እንጂ የሚጨምረው ጥንካሬ የለም። በፒኑና በተረከዙ መካከል ትንሽ የፌልት (የተጠቀጠቀ ሱፍ) ሮንዴላ ገብቷል፤ ብረቱ ቫርኒሹን በቀጥታ እንዳይጫነው ነው። በጎሚኒ ሮንዴላ የሚተኩት አሉ፤ ለዘመናዊዎቹ በፖሊዩሬቴን ለተቀቡ ጊታሮች ብዙ ባያሰጋም፣ በቀድሞው ናይትሮሴሉሎዝ ቫርኒሽ የተቀባ መሣሪያ ላይ ጎሚኒም ሆነ አንዳንድ ፕላስቲክ ለረጅም ጊዜ ሲያርፍ ቀለሙን ያለሰልሰዋል፤ አሮጌ ጊታር ያለው ሰው ይህን አስቀድሞ ቢያስታውስ ይበጀዋል።

ስለ ፒኑ ስለ ራሱ ጥቂት መናገር ይገባል፤ ከአገልግሎቱ ይልቅ ደንበኛን የሚያሳዝነው ብዙ ጊዜ ዕቃው ነውና። በገበያ ላይ ጥንድ ጥንድ ሆነው በትንንሽ ላስቲክ የሚሸጡት ርካሽ ፒኖች ውጫቸው ያበራል፤ ብሎናቸው ግን ከለስላሳ ብረት የተሠራ በመሆኑ የካቻቪቴው መያዣ መስቀል ከአንድ ሁለት ማጥበቅ በኋላ ይበላል። አንዳንዶቹ ፌልት የላቸውም፤ የሌሎቹ ጠርዝ በጣም ጠባብ ስለሆነ የማንገቻው ቀዳዳ በቀላሉ ያልፈዋል። ጥሩ ፒን ማለት ወገቡ ቀጠን፣ ጠርዙ ሰፋ ያለና የብሎኑ ራስ ከአናቱ ሳይወጣ ተስተካክሎ የሚቀመጥበት ነው። ለዚህም ነው ጠጋኙ ከደንበኛው የመጣውን ፒን ተቀብለው ብሎኑን ብቻ በራሳቸው የሚለውጡት፤ የሚጠቀሙበት ብሎን ከሕንፃ መሣሪያ መደብር የሚገኝ፣ ጥርሱ የጠለቀ የእንጨት ብሎን ነው። እንደ ጀርመኑ ሻለር ያሉ ኩባንያዎች የሚሠሩትን የማንገቻ መቆለፊያ የፈለገ ሰው ግን ከውጭ አስመጥቶ መሄድ ይኖርበታል፤ በቤቱ አይገኝም። በግሌ ለአኩስቲክ ጊታር መቆለፊያው የግድ ነው አልልም። በከተማው የቆዳ ሠራተኞች ጫፉ ከወፍራም ቆዳ የተሠራ ማንገቻ ማዘዝ ይቻላል፤ ቀዳዳው መጀመሪያ ላይ ጠንካራና ለማስገባት አስቸጋሪ መሆኑም ጥሩ ምልክት ነው። ቀዳዳውን ለማስፋት በምላጭ ረጅም መሰንጠቅ ግን ማንገቻውን ከጥቅም ውጭ ያደርገዋል።

የግርጌው ፒን በብዙዎች ዘንድ ስለሚዘነጋ ጠጋኙ እርሱንም ሳይጠየቁ መፈተሻቸው ከአገልግሎቱ መልካም ጎኖች አንዱ ነው። በዚያ የሚገኘው ፒን በብዙ ጊታሮች ላይ በብሎን የታሰረ ሳይሆን ጫፉ እየቀጠነ የሄደ የእንጨት ወይም የፕላስቲክ ሹል ሆኖ በቀዳዳው ውስጥ በግፊት ብቻ የተቀመጠ ነው። በአዲስ አበባ የበጋው አየር እጅግ ደረቅ በመሆኑ እንጨቱ ሲኮማተር ሹሉ ሊላላ ይችላል፤ በክረምት ተመልሶ ይጠብቃል። የእኔው በጣት ሲጎተት ይነቃነቅ ስለነበር፣ ቀዳዳውን በትንሹ አስተካክለው ሹሉን በቀጭን ወረቀት ጠቅልለው መልሰው አስገቡት። በኮላ ማጣበቁን እምቢ ብለዋል፤ ወደፊት የጊታሩን ድምፅ ወደ ማጉያ የሚያስተላልፈውን ፒክአፕ ለማስገጠም ሲፈለግ መነቀል ስላለበት። ቀድሞ ተበስቶ የሰፋ ቀዳዳ ይዘው ለሚመጡ ደግሞ ቀዳዳውን በጠንካራ እንጨት ችካል ደፍነው፣ በኮላ አድርቀው፣ እንደገና ይበሱታል። ሌሎች ቦታዎች የጥርስ መፋቂያ ስንጣሪ ከኮላ ጋር አስገብተው ያልፉታል፤ ለጊዜው ይሠራል፣ ለተረከዝ ግን አይበቃም።

አሁን ደግሞ ወደ ጉድለቶቹ። የመጀመሪያው ቀጠሮ አለመከበሩ ነው። ሁለት ሰዓት ይወስዳል ተብሎ የተሰጠ ጊታር በማግሥቱ ነው የተመለሰው፤ ምክንያቱ የመብራት መጥፋት ቢሆንም፣ ስልክ ተደውሎ ሊነገር ይችል ነበር። ምሽት ላይ ሥራ ያለበት ሙዚቀኛ መሣሪያውን በዚያው ቀን አገኛለሁ ብሎ ባይሄድ ይሻላል። ሁለተኛው የጠረጴዛው ንጽሕና ነው። ጊታሩ የተጋደመው በአሮጌ ጆንያ ላይ ሲሆን፣ በዙሪያው የብረት ፍቅፋቂና የብርጭቆ ወረቀት ብናኝ ነበር። በእኔ ላይ ጭረት ባይደርስም፣ ውድ መሣሪያ ያለው ሰው ንጹሕ ብርድ ልብስ ይዞ ቢሄድና እንዲነጠፍለት ቢጠይቅ ጠጋኙ አይቀየሙም። ደረሰኝ አይሰጥም፤ ዋስትናም በቃል ብቻ ነው።

ከሙያ አንጻር የማልስማማበት አንድ ነገር አለ። ጠጋኙ በተረከዙ ጀርባ ላይ ፒን መትከልን ፈጽሞ አይቀበሉም፤ ደንበኛው ቢለምናቸውም «ሌላ ጋ ሂድ» ይላሉ። ጊታሩ ወደ ፊት ያጋድላል ማለታቸው ትክክል ነው። ይሁንና ተረከዛቸው ከጎን በጣም የቀጠነ ጊታሮች አሉ፤ በእነዚያ ላይ ጎኑን ከመብሳት ጀርባውን መብሳት ይሻላል፤ ብሎኑ በክዳኑ አልፎ የሚገባው በተረከዙ ረጅም አቅጣጫ ስለሆነ የሚነክሰው እንጨት ብዙ ነው። አንዳንድ አምራቾችም ከፋብሪካ ሲያወጡ ፒኑን እዚያው ያደርጉታል። ለደንበኛው ጥቅሙንና ጉዳቱን ነግሮ ምርጫውን መተው የተሻለ አሠራር ይመስለኛል። በሌላ በኩል ክላሲካል ጊታር መብሳትን እምቢ ማለታቸውን እደግፋለሁ። የናይለን ክር ጊታር ይዛ የመጣች አንዲት ወጣት በእኔ ፊት ከድምፅ ቀዳዳው ሥር በመንጠቆ የሚያዝ፣ ምንም መብሳት የማይፈልግ ማንገቻ እንድትገዛ መክረው ያለ ክፍያ ሸኝተዋታል።

ፒኑ ከተገጠመ በኋላ ጊታሩን አንግቼ በተደጋጋሚ ተጫውቼበታለሁ። ልዩነቱ ከሁሉ በላይ የሚታወቀው በግራ እጅ ነው፤ አውራ ጣት በአንገቱ ጀርባ ላይ ያለ እንቅፋት ይንሸራተታል፣ እጅም አንገቱን ከመሸከም ነፃ ስለሆነ ባሬ የሚባሉትን፣ አመልካች ጣት ሁሉንም ክሮች የሚጫንባቸውን ኮርዶች መያዝ ቀሏል። ማንገቻውን አሳጥሬ ሳጥኑን ከፍ ሳደርገው ተቀምጬ ከምይዘው ጋር ተመሳሳይ ቦታ ላይ ይውላል፤ ተቀምጦ የተለማመዱትን ቆሞ ለመጫወት ይህ ትልቅ እገዛ ነው። ድምፁ ላይ የመጣ ለውጥ አልሰማሁም፤ እንዲህ ባለ ቦታ የገባ ትንሽ ብሎን ድምፅ ይቀይራል የሚሉትን ሰዎች ስጋትም አልጋራም። ከክረምቱ በኋላ ብሎኑን በካቻቪቴ ስፈትሸው አልላላም ነበር፤ ቢሆንም እንጨቱ በየወቅቱ ስለሚያብጥና ስለሚኮማተር፣ በዓመት አንድ ሁለት ጊዜ ቀስ ብሎ መፈተሽ አይከፋም።

የተጠየቅሁት ዋጋ ብሎኑንና ፌልቱን ጨምሮ 600 ብር ነው። ትራፓኖ፣ ፑንታዎችና ትንሽ መስታወት ያለው፣ እጁ የማይንቀጠቀጥ ሰው ሥራውን በቤቱ በአጭር ጊዜ ሊጨርሰው ይችላል፤ ጊታሩ ርካሽና ለልምምድ የሚሆን ከሆነ ይህን መሞከሩን አልቃወምም። ለማጣት ለማይፈልጉት መሣሪያ ግን 600 ብሩ ውድ አይደለም፤ በተለይ በስንጥቅ የተጎዳን ተረከዝ ማስጠገን ከዚህ ብዙ እጥፍ እንደሚያስወጣ ሲታሰብ። ወደዚያ የሚሄድ ሰው ሰፊ ጠርዝ ያለው ፒን ገዝቶ፣ የሚጠቀምበትንም ማንገቻ ይዞ ቢሄድ ሚዛኑን የማየቱ ሙከራ በትክክለኛው ዕቃ ይደረግለታል። የግርጌ ፒናቸው የጃክ መሰኪያ የሆነባቸው፣ ማለትም ፒክአፕ ያላቸው ጊታሮች ባለቤቶች ግን ለዚያ ክፍል ሌላ ባለሙያ ቢፈልጉ ይሻላል፤ መሰኪያው 12 ሚሊ ሜትር ያህል ቀዳዳ የሚጠይቅና የሽቦ ሥራ ያለበት ሲሆን፣ ጠጋኙ የተረከዙን ፒን ሠርተው ሽቦውን እንደማይነኩ ገና ከበር ላይ ይናገራሉ።